በድሬዳዋ የወንጀል ፍሬን ማስመለስ፦ ለዐቃቤ ሕግ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በወንጀል የተገኘ ሀብትን የማስመለስ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በችሎት ክርክር ሳይሆን ጉዳዩ ችሎት ከመድረሱ በፊት ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ነው። መርማሪውና ዐቃቤ ሕጉ ተጠርጣሪው ወንጀሉን መፈጸሙን ለማረጋገጥ ሲደክሙ ይሰነብታሉ፤ ክሱ ተዘጋጅቶ ንብረቱ ሲፈለግ ግን ገንዘቡ ከባንክ ወጥቷል፣ የጭነት መኪናው በውክልና ተላልፏል፣ ቤቱም በአማች ወይም በእኅት ስም ዞሯል። ጥፋተኛው ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ ሀብቱ የሚጠብቀው ከሆነ፣ የተመዘበረው ሕዝብ ከፍርዱ ያገኘው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ መሠረታዊ ሐሳብ አንድ ነው፦ የንብረት ምርመራው መዝገብ የወንጀል ምርመራው መዝገብ በተከፈተበት ቀን ይከፈት፣ ከእርሱም ጋር ጎን ለጎን ይሂድ።

ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ ከባድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ በሚመጣው የባቡርና የመኪና መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ ደረቅ ወደብና ነፃ የንግድ ቀጣና ያላት፣ ከአወዳይ የጫት ገበያ በቅርብ ርቀት የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። በቀፊራና በታይዋን ገበያ በየዕለቱ የሚዘዋወረው ገንዘብ አብዛኛው በጥሬው ነው፤ አብዛኛውም ሐቀኛ ነጋዴዎች ያገኙት ሕጋዊ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ስለተገኘበት ብቻ ገንዘቡን የወንጀል ፍሬ አድርጎ የሚያቀርብ ዐቃቤ ሕግ ሕጉንም ከተማውንም አላወቀም። ጥሬ ገንዘብ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያደርገናል እንጂ በራሱ መልስ አይሆንም።

የሚመሠረቱበትን ሕግ አስቀድሞ መለየት

ንብረት የሚመለስባቸው የሕግ መንገዶች ብዙ ስለሆኑ የትኛውን እንደምንከተል በመጀመሪያው ሳምንት መወሰን አለበት፤ የምንሰበስበው ማስረጃ የሚወሰነው በዚህ ምርጫ ነውና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ንብረትን ስለ መውረስ የራሱ ድንጋጌዎች አሉት። የሙስና ጉዳይ ከሆነ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 እና የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ አዋጅ ቁጥር 434/1997 ከነማሻሻያው ይነበባሉ። ገንዘቡ ሕጋዊ ለማስመሰል ከእጅ ወደ እጅ ከተዘዋወረ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው አዋጅ (እስከ 2017 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 780/2005 የነበረው) ይመጣል። የኮንትሮባንድ ዕቃና ዕቃውን የጫነው ማጓጓዣ ደግሞ በጉምሩክ አዋጁ ይታያሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የንብረት ማስመለስ አዋጅ ቁጥር 1364/2017 ወጥቶ፣ ጥፋተኝነት ከተረጋገጠ በኋላ ከሚደረገው ውርስ በተጨማሪ ያለ ጥፋተኝነት ውሳኔ ንብረት የሚመለስበትን ሥርዓት አንድ ላይ አደራጅቷል። ተጠርጣሪው ሲሞት ወይም ከአገር ሲጠፋ መዝገቡ በዚያው እንዳይዘጋ የሚያስችለው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

ንብረቱ የተፈራበት ጊዜና ሕጉ የወጣበት ጊዜ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። አዲሱ አዋጅ ስላለ ብቻ የቆየውን ሁሉ በእርሱ መጠየቅ አይቻልም፤ አዋጁ ስለ ተፈጻሚነት ወሰኑና ስለ መሸጋገሪያ የሚለውን ቃል በቃል አንብቦ፣ በአቤቱታው ላይ የትኛው ንብረት በየትኛው አንቀጽ እንደሚጠየቅ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የምትተዳደር የፌዴራል ከተማ በመሆኗ የፌዴራል ወንጀል ጉዳዮች እዚያው በሚያስችሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይታያሉ። ንብረቱ ሐረር ወይም ጅግጅጋ ከተገኘ ግን ትእዛዙን የሚፈጽመው የክልሉ መሥሪያ ቤት ስለሚሆን፣ ከዚያው ካለው የፍትሕ አካል ጋር ቀድሞ መነጋገር ብዙ ቀን ያድናል።

የሰውየውን ገቢና ሀብት ዓመት በዓመት ማስቀመጥ

ምንጩ ያልታወቀ ሀብት ክርክር የሚቆመው በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ በዓመታት በተከፋፈለ ሠንጠረዥ። በአንድ ወገን በየዓመቱ የታወቀው ሕጋዊ ገቢ፣ በሌላው ወገን በዚያው ዓመት የተፈራው ንብረትና የወጣው ወጪ ይሰፍራል። ለምሳሌ በወር 12,000 ብር የሚከፈለው የመንግሥት ሠራተኛ በዓመት 144,000፣ በአምስት ዓመት 720,000 ብር ያገኛል። በእነዚያው ዓመታት በ4,500,000 ብር ቤት ከገዛ ቢያንስ 3,780,000 ብር ማብራሪያ ይፈልጋል። በዚህ ስሌት ላይ ግን ሰውየው በልቶና ጠጥቶ፣ ልጆች አስተምሮ የኖረበት ወጪ አልተነሳም። የኑሮ ወጪ ሲነሳለት ክፍተቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤት ክፍያውና ለሕክምና ያወጣው በሰነድ መያዝ አለባቸው። ተጠርጣሪው የመንግሥት ተሿሚ፣ ተመራጭ ወይም ሀብቱን የማስመዝገብ ግዴታ ያለበት ሠራተኛ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ያስመዘገበው ሀብት የሠንጠረዡ መነሻ ይሆናል። ያኔ በራሱ ፊርማ ያላስመዘገበውን ንብረት ዛሬ «ድሮም የነበረኝ ነው» ቢል የሚያሳምን ምክንያት ማቅረብ አለበት።

ሠንጠረዡ ከዜሮ እንዳይጀምር መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ሰው ከምርመራው ዘመን በፊት ቆጥቦ ይሆናል፣ ወርሶ ይሆናል፣ ከውጭ ዘመድ ልኮለት ይሆናል። መነሻ ሀብቱን ያልመረመረ ዐቃቤ ሕግ በመጀመሪያው መስቀለኛ ጥያቄ ስሌቱ ይፈርስበታል።

በድሬዳዋ መዝገቦች ላይ ተደጋግመው የሚቀርቡት ማብራሪያዎች ዕቁብ፣ የጫት ንግድ፣ የከብት ሽያጭና ከውጭ የተላከ ገንዘብ ናቸው። አራቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ በንቀት ሳይሆን በዝርዝር መመርመር አለባቸው። ዋናው ነገር ማብራሪያውን ገና በመጀመሪያው ቃል መቀበያ ላይ ማስመዝገብ ነው። «ዕቁብ ደርሶኝ ነው» ያለ ሰው የዕቁቡ ዳኛ (ሰብሳቢው) ማን እንደነበረ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ስንት አባል እንደነበረ፣ ዕጣው በሳምንት ይሁን በወር ይወጣ እንደነበረ፣ በየዙሩ ስንት እንደጣለ፣ ዕጣው መቼ እንደወጣለትና ዋስ ማን እንደሆነለት ይጠየቅ። ከዚያም የዕቁቡ ደብተር ይቅረብ፣ ዳኛውና ሁለት ሦስት አባላት ተለያይተው ይሰሙ። እውነተኛ ዕቁብ ሁልጊዜ የሚመሰክርለት ሰውና የሚታይ ደብተር አለው፤ በየሳምንቱ የተጣለው ገንዘብ ራሱም ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፣ ምክንያቱም ዕቁብ ቁጠባ እንጂ አዲስ ገቢ አይደለም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በክርክር ላይ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በየወሩ 3,000 ብር ከሚተርፈው ደመወዝ በወር 50,000 ብር ዕቁብ መጣል እንዴት እንደተቻለ ካልተጠየቀ፣ ክፍተቱ በሌላ ስም ተሸፍኖ ያልፋል።

ገንዘቡንና ንብረቱን መከታተል

ለባንኮች የሚጻፈው ጥያቄ «የሒሳብ መግለጫ ይላክልን» ብቻ ከሆነ የሚመጣው መልስ ግማሽ ነው። የሒሳብ መክፈቻ ቅጹ፣ የፊርማ ናሙናው፣ የተዘጉ ሒሳቦች፣ የውክልና ሰነዶች፣ የብድርና የመያዣ ማኅደሮች፣ የካዝና ኪራይ ካለም እርሱ፣ ከሁሉም በላይ ገቢ የተደረገባቸው ደረሰኞች ተለይተው ይጠየቁ። በደረሰኙ ላይ ገንዘቡን ይዞ መስኮት ላይ የቀረበው ሰው ስምና ፊርማ አለ፤ መግለጫው ላይ ይህ አይታይም። የብድር ማኅደር ደግሞ ከማንኛውም ምስክር ይልቅ ሊናገር ይችላል፤ ተጠርጣሪው ለመበደር ሲል ንብረቱን ሁሉ በገዛ እጁ ዘርዝሮ ፈርሞበት ይገኛልና። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር ኖቶች ሲቀየሩ በቤት ተከማችቶ የነበረ ገንዘብ ወደ ባንክ ለመግባት ስለተገደደ፣ የቆዩ ጉዳዮችን የሚመረምር ሰው የዚያን ዓመት የመጀመሪያ ወራት እንቅስቃሴ በተለይ ማየት ይኖርበታል። የቴሌብርና የሌሎች የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች መዝገብም ከባንኮቹ ጋር በአንድ ቀን ይጠየቅ። ከፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት የሚመጣው ትንተና አቅጣጫ ያመላክታል፤ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ግን ከትንተናው ጀርባ ያለው ዋናው የባንክ ሰነድ ነው።

ቤት ሲሆን ካርታው ላይ ያለው ስም መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ሳቢያን አካባቢ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በተጠርጣሪው አክስት ስም ተመዝግቧል እንበል። አክስትየዋ በጡረታ የሚኖሩ፣ መጋላ ውስጥ በቀበሌ ቤት የሚያድሩ ሴት ናቸው። እዚህ የሚጠየቁት ነገሮች ቀላልና ተራ ናቸው፦ የግንባታ ፈቃዱን ማን ጠየቀ፣ ለግንበኛው በየሳምንቱ ማን ከፈለ፣ ሲሚንቶውና ብረቱ በማን ስም ተገዛ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ሲገባ የተፈረመው ውል የማን ነው፣ ዓመታዊ ግብሩን ማን እየሄደ ይከፍላል፣ ተከራይ ካለ ኪራዩን ለማን ያስረክባል። ግንበኛውና የጥበቃ ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ ከጎረቤት የተሻለ ምስክር ናቸው። ቃላቸው የሚወሰደው በሚያውቁት ቋንቋ ይሁን፤ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ የሚናገር ምስክር በተሰባበረ አማርኛ የሰጠው ቃል ችሎት ላይ ሲነበብለት «እንዲህ አላልኩም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። አስተርጓሚው ስሙንና ፊርማውን በቃሉ ሥር ያስፍር።

ሊረሳ የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የግል ንብረት ስላልሆነ የሚታገደውና የሚወረሰው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው። ተጠርጣሪው የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ የሚወረስ ነገር የለም፤ ሆኖም ውስጡ የተሠራው ዕድሳትና የገባው ዕቃ ወጪን ያሳያል።

የመኪና ጉዳይ በሊብሬ አይቆምም። በአካባቢያችን መኪና ተሽጦ ስም ሳይዛወር ገዢው በውክልና ብቻ ለዓመታት ሊነዳው ስለሚችል፣ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ማኅደር በተጨማሪ የሰነዶች ማረጋገጫ መዝገብ ላይ የተሰጡ ውክልናዎች፣ የመድን ውሉ፣ ዓመታዊ ምርመራውን ያስደረገው ሰውና የሹፌሩ ደመወዝ ከማን እንደሚከፈል ይታያሉ። ይህ በሁለቱም ወገን ይሠራል፦ ሊብሬው በተጠርጣሪው ስም ሆኖ እውነተኛው ገዢ ሌላ ሐቀኛ ሰው ሊሆን ይችላል።

እግድ መጠየቅና ትእዛዙን ማድረስ

የእግድ አቤቱታ ተጠርጣሪው ሳይሰማ ሊታይ የሚችል በመሆኑ ዐቃቤ ሕጉ ላይ የሚወድቀው የታማኝነት ግዴታ ይከብዳል። ሌላው ወገን ቢኖር ሊያነሳው የሚችለውን ነገር አውቆ መደበቅ እግዱን በኋላ ያስነሳል፣ የመሥሪያ ቤቱንም ቃል በዳኞች ዘንድ ያቀላል። አቤቱታው ወንጀሉን በአጭሩ፣ ንብረቱን በዝርዝር፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ደግሞ በማስረጃ ያስቀምጥ። «ማንኛውም ንብረቱ» የሚል ጥያቄ አይጻፍ። ቤት ከሆነ የካርታ ቁጥር፣ ቀበሌና የቦታ ስፋት፣ መኪና ከሆነ ሰሌዳ፣ ሻንሲና ሞተር ቁጥር፣ ሒሳብ ከሆነ ባንክ፣ ቅርንጫፍና የሒሳብ ቁጥር ይጠቀሳል።

ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ያሉት ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ትእዛዙን በፖስታ ወይም በተለመደው የደብዳቤ ዝውውር መላክ ማለት ለተጠርጣሪው ጊዜ መስጠት ነው። ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤትና ለቅርንጫፉ፣ ለመሬት አስተዳደሩ፣ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱና ለሰነዶች ማረጋገጫው በአንድ ቀን፣ ከተቻለም በአንድ ሰዓት ሰው ተመድቦ በእጅ ይድረስ፤ ተቀባዩም ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርም። ሰዓቱ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከእግዱ በኋላ ቢወጣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

እግድ ቅጣት አይደለም፤ ሰውየው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ገና ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። የቤተሰቡ ቀለብ፣ የልጆቹ ትምህርት ክፍያ፣ የድርጅቱ ሠራተኞች ደመወዝ ከታገደው ገንዘብ እንዲከፈል የሚቀርብ ጥያቄ ልኩን እስካላለፈ ድረስ መቃወም አይገባም። ዐቃቤ ሕጉ ራሱ በአቤቱታው ላይ ይህን አስቀድሞ ቢጠቅስ የተሻለ ነው።

የታገደውን ንብረት መጠበቅ

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ይህ ክፍል ነው፤ እኔ ግን ከፍርዱ እኩል አየዋለሁ። አንድ ሲኖትራክ ታግዶ ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ፣ በአንድ ግቢ አቧራ ውስጥ ሲቆም ምን እንደሚሆን ማየት ይበቃል። በመጀመሪያ ባትሪው ይሞታል። ከዚያ ጎማው በቆመበት በኩል ይጠፈጠፍና ጎኑ ይሰነጣጠቃል፣ የጎማ ማኅተሞቹ ይደርቁና ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ይተረተራል፤ ቀስ በቀስም መስታወት፣ ራዲዮና መለዋወጫ ዕቃ ይጎድላል። ክርክሩ ዓመታት ወስዶ ንብረቱ ሲወረስ ጨረታ ላይ የሚወጣው ብረት ነው። ተከሳሹ ነጻ ከወጣ ደግሞ መንግሥት ያበላሸውን መኪና ይመልስለታል፤ ይህ ግፍ ነው።

ስለዚህ መኪና በታገደ ቀን ኪሎ ሜትሩ፣ የጎማዎቹ ሁኔታ፣ የመለዋወጫ ጎማውና የመሣሪያው ብዛት ተጽፎ፣ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ተነሥቶ፣ ባለንብረቱ ወይም ሹፌሩ እንዲፈርምበት ይደረግ። ወዲያውም ከሦስቱ አንዱ ይመረጥ፦ ስም እንዳይዛወር ብቻ ታግዶ በዋስትና ባለቤቱ እጅ እየሠራ እንዲቆይ፣ ለተሾመ አስተዳዳሪ ተሰጥቶ ገቢው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ገንዘብ በማይወጣበት ዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ ወይም በፍርድ ቤት ፈቃድ ተሸጦ ገንዘቡ እንዲያዝ። ለጭነት መኪና እኔ በአብዛኛው የመጀመሪያውን ወይም ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ አቁሞ ማቆየት ግን ምርጫ መሆን የለበትም።

የሚበላሽ ነገር ቀን አይሰጥም። ጫት በሁለትና በሦስት ቀን ዋጋ ያጣል፣ ከብትና ግመል መኖና ውኃ ይፈልጋሉ። እነዚህ ሲያዙ ዓይነት፣ ብዛትና ሁኔታቸው በቪዲዮና በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ የሽያጭ ፈቃድ በዚያው ዕለት ይጠየቅ። የሚከራይ ቤት ከሆነ ተከራዩን ማስወጣት አያስፈልግም፤ ኪራዩ ወደ ዝግ ሒሳብ እንዲገባ ማዘዝ ይበቃል። ሱቅ ወይም ድርጅት ሲሆን ግን ንግዱን የሚያውቅ አስተዳዳሪ ካልተሾመ ደንበኛውም ዕቃውም አብረው ይጠፋሉ፤ አስተዳዳሪው በየሦስት ወሩ ሒሳብ እንዲያቀርብ በትእዛዙ ላይ ይስፈር።

የትዳር ጓደኛና ሌሎች ሦስተኛ ወገኖች

በድሬዳዋ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በአንቀጽ 63 በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንደኛው ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ይህ ግምት በሁለት በኩል ይቆርጣል። በሚስት ስም የተመዘገበውን ንብረት ወደ መዝገቡ ለማምጣት ይረዳናል፤ ሚስትም ከሕጋዊ ገቢ የተፈራውን ድርሻዋን እንድትጠይቅ መብት ይሰጣታል። የቡና ሱቅ ከፍታ ሃያ ዓመት የሠራች ሴት ባሏ በሠራው ወንጀል ድካሟ መወሰድ የለበትም፤ ስለዚህ የእርሷ ገቢ በሠንጠረዡ ላይ በራሱ ዓምድ ይታይ።

የመቃወም አቤቱታ የሚያቀርብ ገዢ ሲመጣ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ የከፈለው ዋጋ የገበያ ዋጋ ነበር ወይ፣ ክፍያው በምን መንገድ ተፈጸመ፣ ስለ ወንጀሉ የሚያውቅበት ምክንያት ነበረው ወይ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1193 መሠረት የሚንቀሳቀስ ግዙፍ ንብረት በእጁ ያለ ሰው ባለሀብት እንደሆነ ስለሚገመት፣ ግምቱን የማፍረስ ሸክሙ የእኛ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ግን በአንቀጽ 1723 የተቀመጠውን የጽሑፍና የማረጋገጫ ሥርዓት የተከተለ መሆኑ ይመረመራል። ቅን ገዢ ሆኖ ከተገኘ ንብረቱን ትቶ ሻጩ የተቀበለውን ገንዘብ መከተል ይገባል።

ክስ፣ ክርክርና ግምት

እንዲወረስ የሚፈለገው ንብረት በክሱ ላይ በዝርዝር ይጠቀስ፤ ተከሳሹ ስለ ንብረቱ መከላከያ የሚያቀርብበት ዕድል ሳያገኝ በመጨረሻ የቅጣት አስተያየት ላይ ብቅ የሚል የውርስ ጥያቄ ይግባኝ ላይ አይቆምም። ማስረጃው የሚቀርበውም ሠንጠረዡን በሚከተል ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የገቢ ሰነዶች፣ ቀጥሎ የተፈራው ንብረት፣ ከዚያ ስማቸውን ለተከሳሹ ያዋሱ ሰዎች፣ በመጨረሻ ስሌቱን የሠራው የሒሳብ ባለሙያ። ባለሙያው የሠራውን በቀላል አማርኛ ማስረዳት መቻሉ ከችሎት በፊት ይረጋገጥ።

የንብረት ግምት ሁለት ቀን አለው፤ የተፈራበት ቀንና የሚወረስበት ቀን። ለሠንጠረዡ የሚያገለግለው የተፈራበት ቀን ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች የብር ዋጋ በጣም ስለተለወጠ፣ በ2010 የተገዛን መኪና በዛሬ ዋጋ ገምቶ ከ2010 ደመወዝ ጋር ማነጻጸር ሐሰተኛ ክፍተት ይፈጥራል። ንብረቱ ጠፍቶ በተመጣጣኝ ዋጋ ሌላ ንብረት የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ የትኛው ቀን እንደተወሰደና ለምን እንደሆነ በአቤቱታው ላይ ይጻፍ።

ሀብቱ ከአገር ከወጣ

ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ ገንዘቡ ግን በሐዋላ ከጅቡቲም አልፎ ዱባይ ሊደርስ ይችላል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነትን ስላጸደቀች ሀብትን ለማስመለስ ትብብር የሚጠየቅበት ዓለም አቀፍ መሠረት አለ። ጥያቄው በቀጥታ ከድሬዳዋ አይላክም፤ በፍትሕ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ከመደበኛው ጥያቄ በፊት በፋይናንስ ደኅንነት ተቋማት መካከል በሚደረገው የመረጃ ልውውጥ ንብረቱ በእርግጥ መኖሩንና በማን ስም እንዳለ ማጣራት ተገቢ ነው፤ ሰዉንና ሒሳቡን ለይቶ የማይናገር ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

ፍርዱን ማስፈጸም

ፍርዱ በተነበበ ቀን የውሳኔው ግልባጭ ይወሰድና የንብረቶቹ ቁጥሮች ከማስረጃው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከሩ። አንድ የካርታ ቁጥር ውስጥ የተሳሳተ አኀዝ ካለ መሬት አስተዳደሩ ስም አያዛውርም፤ የማረሚያ ጥያቄም ቶሎ ሲቀርብ ነው የሚቀለው። ከወንጀሉ በቀጥታ የተጎዳ ሰው ወይም ድርጅት ካለ፣ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ከሚገባው በፊት የእርሱ ካሣ እንዲታይ መጠየቅ የዐቃቤ ሕጉ ሥራ ነው፤ ያልተጠየቀ ካሣ ብዙውን ጊዜ አይፈረድምና። ጨረታው ሲወጣ የማስታወቂያው ጊዜ፣ የመነሻ ዋጋው አወሳሰንና ገዢው ከተከሳሹ ጋር ያለው ግንኙነት ይታይ፤ የተወረሰ ቤት በወንድም በኩል ተመልሶ በርካሽ የሚገዛበት ዕድል ክፍት መተው የለበትም። መዝገቡ የሚዘጋው ገንዘቡ ገቢ የሆነበት ደረሰኝና ስም የተዛወረበት ማስረጃ ከፍርዱ ግልባጭ ጋር ተያይዘው ሲቀመጡ ነው።